መቼ የማይባልበት ቤት

ሕብረትን ባለፈው የተለየናት የዝውውር ደብዳቤዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በነሐሴ ዝናብ ጃንጥላ ይዛ፣ ወደ ዲሳሳ የሞባይል ጥገና ሱቅ ስታመራ ነበር። የክረምት ማጠናከሪያ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እስከ ሱቁ ያለው መንገድ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሷ ግን ሆን ብላ በገበያው በኩል ዞረች፤ ንግግሯን እያዘጋጀች ነበር። «ዲሳሳ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ወጥቶልኛል። እስከ አርብ መልስ መስጠት አለብኝ። ምን ልበላቸው?» ይኸው ነው፤ ከዚህ አይበልጥም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይን፣ በሳቅ፣ በ«ደህና ዋዪ» ሲንከባለል የኖረውን ነገር ዛሬ ቁርጡን ታውቃለች። የሱቁ በር ላይ ስትደርስ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

ሱቁን ለማያውቅ፣ ከፊት ለፊት የተሰበረ ስልክ የሚጠገንበት ባለመስታወት ጠረጴዛ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያች ክፍል ውስጥ ከስድስት ዓመት በላይ አንድ ጌም ሲሠራ ኖሯል። ሲሠራ ኖሯል እንጂ አላለቀም።

ነገሩ የተጠነሰሰው ዲሳሳ ባምባሲ ከተማ ልጅ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ በከተማዋ ጌም ቤት ውስጥ ልጆች ሁሉ የሚሻሙበት አንድ የውጭ ጌም ነበር። የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያነብ ስላልነበረ «ታንኳው» አሉት፤ ስሙ በዚያው ጸና። አንድ ቀዛፊ ሰውና ዕቃ እያሻገረ፣ ከማዕበልና ከሽፍታ እያመለጠ ወንዙን ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ማዶ የቆመች ሴት ያያል፤ መቅዘፊያውን ያነሳል፤ ጌሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ክፍል ይመጣል ተባለ። ልጆቹ ጠበቁ፣ ጺም አበቀሉ፤ የሠራው ድርጅት ተዘግቶ ቀዛፊው መቅዘፊያውን እንዳነሳ ቀረ። ዲሳሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሲማር «ለምን እኛው አንሠራውም?» አለ። ወንዙን የአገሩን ወንዝ ዳቡስን አደረገው፣ ጓደኞቹን ሰበሰበ። ደመወዝ የለም፣ አለቃ የለም፣ ሽያጭም የለም። ያለው ፍቅር ብቻ ነው፤ ሕብረት ሲብስባት ችግሩም እሱ ነው ትላለች።

«መጣህ፣ ሕብረት?» አላት ሐምዳን መጋረጃውን ስትገልጥ።

ሐምዳን የሱቆችን ማስታወቂያ ሰሌዳ እየጻፈና እየሣለ የሚተዳደር የበርታ ልጅ ነው። አማርኛን የለመደው ካደገ በኋላ ስለሆነ ወንዱም ሴቱም ለእሱ «አንተ» ነው። ሕብረት የአማርኛ አስተማሪ ብትሆንም እሱን አርማው አታውቅም፤ በእሱ አፍ «አንተ» መባል ከብዙ ሰው «አንቺ» ይልቅ ይሞቃታል።

«ቁጭ በል። ወላሂ፣ ጫማህን ጭቃ በላው።»

ዲሳሳ ከስክሪኑ ቀና ብሎ አያት። ሁለት ዓመት አሶሳ ላይ አስሮ ያስቀመጣት ይሄ አስተያየቱ ነው፤ ልክ ሲጠብቃት የዋለ ይመስላል፤ ግን ስትጠጋው ዓይኑን ይሰብራል። አሁንም ሰበረው። «ደህና ሰዓት መጣሽ» አለ። «ሐምዳን የማንጎውን ዛፍ እንደገና ሥሎታል። እስቲ እዪው።»

የማንጎው ዛፍ በመጀመሪያው ሌቭል፣ በጌሙ የመጀመሪያ ምዕራፍ መግቢያ ላይ፣ ቀዛፊው ታንኳውን ከሚያስርበት አጠገብ የቆመ ነው። ሕብረት እዚህ ቤት ከገባች ወዲህ ስንቴ እንደተነቀለና ስንቴ እንደበቀለ ፈጣሪ ይቁጠረው። ላግዝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ እጁን የሚያፍታታው በመጀመሪያው ሌቭል ነው። አንዱ ውሃውን ያሳምረዋል፤ ውሃው ሲያምር ታንኳው ያስጠላል፤ ታንኳው ሲታደስ ዛፉ ያረጀ ይመስላል። ጉባ፣ ግድቡ ላይ በኤሌክትሪክ ሥራ የተቀጠረው ጓደኛቸው ምንያህል ኮድ የሚጽፈው ከፈረቃ ሲወጣ ነው፤ ኔትወርክ እንቢ ሲለው ሥራውን በፍላሽ አድርጎ በመንገደኛ ይልካል፤ ፍላሹ ሲደርስ እዚህ ያሉት ሌላ ነገር ቀይረው ይጠብቁታል። አንዱ ያገባል፣ አንዱ ይወልዳል፣ አንዱ «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ሌቭል እንደ ሙሽራ ሲኳል ይኖራል፤ መጨረሻውን ያየ የለም።

የሕብረት ድርሻ የሰዎቹ ንግግር ነው። ሁሉንም ጽፋ አስረክባለች። የቀረቻት ማዶ የቆመችው ሴት ናት፤ ቀዛፊው ደርሶ ከፊቷ ሲቆም ምን ትበለው? እሷ ግን ያለችው የመጨረሻው ሌቭል ላይ ነው። ዛፍ ተክለው ያልጨረሱ ሰዎች እዚያ እስኪደርሱ ብዙ ውሃ ይወርዳል። ሕብረት የምታስበው እንዲህ ነበር።

«ያምራል» አለች። ማማሩ ነው ያናደዳት። ቅጠሉ ሁሉ አንድ በአንድ ታስቦበታል። ስለ እሷስ እንዲህ የታሰበበት ቀን አለ?

አፏ ላይ የመጣው ቃል አንድ ነበር። መቼ? ይሄ ነገር የሚያልቀው መቼ ነው? ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው? ዋጠችው፤ ምክንያቱም በዚህ ቤት መቼ አይባልም።

ይህን ደንብ ማንም አልጻፈውም። ድሮ፣ ሕብረት ሳትመጣ፣ ሙዚቃውን የሚያቀናብር እዩኤል የሚባል ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ነበር ይላሉ። አንድ ቀን ዲሳሳ ትዕግሥቱ ተሟጦ በሁሉም ፊት «ቆይ፣ መቼ ነው የምትጨርሰው?» አለው። እዩኤል የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠ። «ቀኑን ሙሉ መቼ መቼ ከሚሉኝ ሰዎች ጋር ነው የምውለው። እዚህ የምመጣው እሱን ሸሽቼ ነበር» አለና ወጣ። ሙዚቃውም ከእሱ ጋር ወጣ፤ ስንት የተለፋበት ነገር ከዜሮ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በነፃ የሚሠራን ሰው መቼ ብሎ መጠየቅ እዚህ ክፍል ውስጥ ነውር ሆነ። ስትችል ይባላል። ሲመችሽ ይባላል።

«ዲሳሳ» አለች። በገበያ ዞራ ያዘጋጀችው ንግግር ድራሹ ጠፋባት። «ዝውውር ወጥቶልኛል። ደብረ ብርሃን።»

ሐምዳን እርሳሱን አስቀመጠ። የዲሳሳ እጅ ማውሱ ላይ ደረቀ። ስክሪኑ ላይ ታንኳው የሚመራው አጥቶ በአንድ ቦታ ይዞር ጀመር። ሕብረት ጠበቀች። ቢቆጣ ትወድ ነበር፤ ቢጮህባት ትወድ ነበር፤ «ማን ፈቀደልሽ?» ቢላት እንኳ በደስታ ትጣላው ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቤተሰብሽም እዚያው ስለሆኑ ደስ ይላቸዋል።»

«አዎ። ደስ ይላቸዋል።»

«እንግዲህ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «ከመሄድሽ በፊት፣ ስትችዪ፣ ብቅ በይ።»

ስትችዪ። ያቺ ቃል ከስድብ ይልቅ አመመቻት። ጃንጥላዋን እዚያው ረስታ ወጣች። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርድ ስለነበር መንገድ ላይ ያገኟት ሰዎች ማልቀሷን አላወቁም።

* * *

የተዋወቁት በተሰበረ ስልክ ነው። አሶሳ በተመደበች ሰሞን ስልኳ ከእጇ ወድቆ ተሰነጠቀ። ዲሳሳ ሲፈታታው መጋረጃው ተገልጦ ነበርና ከኋላው ያለውን ስክሪን አነበበች። አንድ ቀዛፊ ለአንዲት ሴት «እኔ አንቺን በመውደድ ላይ እገኛለሁ» ይላታል።

«ይሄን አማርኛ ማን ጻፈው?» አለች ሳታስበው።

«እኔ» አለ ዲሳሳ፤ የያዘው ብሎን ከጣቱ ወደቀ።

«ሰው እንዲህ ብሎ ይናገራል?»

«እና እንዴት ብሎ ይናገር?» የጠየቃት ከልቡ ነበር። ሕብረት መልሱን ልትነግረው ወንበር ሳበች፤ ያኔ የተቀመጠች ናት እስከዛሬ ያልተነሳችው።

ቅዳሜ ከሰዓት የእነሱ ሆነ። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ያነባል፤ አንብቦ ሲጨርስ ወዲያው ቀና አይልም። ያቺ ቀና ያላለባት ጊዜ ለሕብረት ከደመወዟ ትበልጥባታለች። አንድ ቀን በእግር ወስዶ ቤቱን አሳያት፤ እስከ መስኮት ደርሶ የቆመ የብሎኬት ግድግዳ ነው። «እዚህ ጋ መስኮት ይሆናል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል» አላት። ለማን እንደሚገባ አልተናገረም፤ ሕብረት ግን መጋረጃውን በልቧ መርጣ ጨርሳ ነበር።

ባለፈው ጥር አባቷ አቶ በቃሉ ሊጠይቋት መጡ። ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ናቸው፤ ሰውን የሚለኩት በተናገረው ሳይሆን በጨረሰው ነው። ሕብረት ዲሳሳን ጠርታ አስተዋወቀቻቸው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ምሳ ቀረቡ። እጇን ልትታጠብ ተነሥታ ስትመለስ ጠረጴዛው ቀዝቅዞ ጠበቃት። ዲሳሳ ምግቡን ሳይነካው ቀረ። ምን እንደተባለ ሁለቱም አልነገሯትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መስኮቱ አላወራም፤ ጌሙ ላይ ግን ሙጭጭ አለ። ሕብረት ነገሩን በራሷ ፈታችው። አባቷን አይቶ ፈርቷል፤ ጌሙ መደበቂያው ነው። ደግሞም እንዴት ያለ መደበቂያ፤ የማያልቅ።

* * *

ረቡዕ ከክፍል ስትወጣ አባቷ ደወሉ።

«ወሰንሽ?»

«ልመጣ ነው መሰለኝ፣ አባዬ።»

«መሰለኝ ብሎ ነገር ምንድን ነው? የሚመጣ ሰው ይመጣል።» ቀጥለውም «ያ ልጅስ? ጨረሰ?» አሉ።

«ምኑን?»

«ጠይቄው ነበር እኮ ጥር ላይ። አንቺ እጅሽን ልትታጠቢ ስትሄጂ።»

ሕብረት የመምህራን ማረፊያው በረንዳ ላይ ቆመች። «ምን ብለህ?»

«ልጄን ለሚፈልግ ሰው የሚባለውን ነዋ። ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል አቋርጧል። ቤቱ እስከ መስኮት ደርሶ ቆሟል። ያ ጨዋታ የምትሉት ደግሞ ይኸው ስንት ዓመቱ። እስቲ በሕይወትህ ጀምረህ የጨረስከውን አንድ ነገር ንገረኝ አልኩት። ክፉ ተናገርኩ?»

«ምን መለሰልህ?»

«ጨርሼ ነው የምመጣው፣ ጋሼ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው አልኩ። ይኸው ነሐሴም ሊያልቅ ነው።»

«አባዬ፣ ትምህርቱን ያቋረጠው አባቱ ሞተውበት ታናናሾቹን ሊያሳድግ ነው። ቤቱም የቆመው ለዚያ ነው።»

«እሱን አልነገረኝም።»

«አንተም አልጠየቅከውም። የጠየቅከው የጨረሰውን ነው፤ የተሸከመውን አይደለም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሕብረት አባቷ ላይ ተናደደች። ትንሽ ቆይቶ ንዴቱ አቅጣጫ ቀየረ። እሺ፣ አባቷ የማይገባ ነገር ተናገሩ። እሱስ? ጨርሼ እመጣለሁ ብሎ ቃል ሲገባ የማንን ዕድሜ ነው ያስያዘው? የምትጠብቀውን እንኳ ሳያሳውቃት፣ ማለቂያ በሌለው ነገር ላይ ሰቅሏት፣ ቃሉን የሰጠ ሰው እንዴት ተመልሶ ዛፍ ይሥላል? እንደሚወዳት አሁን አወቀች። ማወቋ ግን አላስደሰታትም፤ ይልቁንስ የሚወዳት ሰው እንዲህ ሲያስጠብቃት ይበልጥ አንገበገባት።

* * *

ሐሙስ ከሰዓት ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሕብረት መጋረጃውን ስትገልጥ ስክሪኑ ላይ የነበረው የማንጎው ዛፍ ነው። ዲሳሳና ሐምዳን ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን ቅርንጫፍ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላሉ።

«ጃንጥላህ እዚህ አለ» አለ ሐምዳን።

«ለጃንጥላ አልመጣሁም።» አልተቀመጠችም። «ዲሳሳ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሐምዳን «አስተግፊሩላህ» አለ በለሆሳስ፤ ሳህን እንደሰበረች ልጅ በርኅራኄ አያት።

«ሕብረት…»

«መቼ ነው አልኩህ። ከፈለግክ አባረኝ፤ ነገ አርብ ነው፤ ለዝውውሩ መልስ መስጠት አለብኝ። ጥር ላይ አባቴ ምን እንዳለህ ሰምቻለሁ። አንተም ምን እንደመለስክ ሰምቻለሁ። ለምን አልነገርከኝም?»

ዲሳሳ ተነሣ፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች የሚሄድበት አልነበረውም። «ምን ብዬ? አባትሽ ምንም ያልጨረሰ ሰው ነህ አሉኝ ልበልሽ? እውነታቸውን እኮ ነው። አንድ ነገር በእጄ ይዤ ልመጣ ፈለግኩ። አንድ ያለቀ ነገር።»

«እና በእሱ ምትክ ዛፍ ትሥላለህ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ በየቅዳሜው እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጬ ዛፍ ሲበቅል አያለሁ። ለመሆኑ ምን ቀርቶ ነው? ንገረኝ፤ ምን ያህል ይቀራል?»

ዲሳሳ ሐምዳንን አየው። ሐምዳን መሬት መሬት አየ።

«ምንም አልቀረም» አለ ዲሳሳ።

«ምን ማለት ነው ምንም?»

«ቁጭ በይ።»

የመጀመሪያውን ሌቭል ዘግቶ የመጨረሻውን ከፈተ። ሕብረት አይታው አታውቅም፤ እንዳለም አታውቅም ነበር። ዳቡስ ሰፍቶና ረግቶ ይፈሳል። ግራና ቀኙን ቀርከሃው ነፋስ ሲያገኘው ይንቀሳቀሳል፤ ወፎቹ ከውሃው ላይ ይነሣሉ። ከእዩኤል በኋላ ከዜሮ የተጀመረው ሙዚቃ እዚህ ላይ ሙሉ ሆኖ ይሰማል። ቀዛፊው ማንም ሳያስቸግረው፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ ወንዙን አቋርጦ ማዶ ደረሰ። ሴትዮዋ ዞረች። ሐምዳን ሲሥላት ማንን እያየ እንደነበር ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም፤ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ የምትቆመው የሕብረት አቋቋም ነው። አፏን ከፈተች። ከሥሯ ለንግግሯ የተዘጋጀው ነጭ ሣጥን ብቅ አለ።

ሣጥኑ ባዶ ነበር። ቀዛፊው መቅዘፊያውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ምንም የለም።

«ምንያህል የመጨረሻውን ኮድ ግንቦት ላይ ላከው» አለ ዲሳሳ። «ከዚያ ወዲህ እዚህ ላይ ነው የቆመው።»

«ሁሉም አለቀ» አለ ሐምዳን። «እኛ ሥራ የለም። አንተን ነው የምንጠብቅ። ዝም ብለን ከምንቀመጥ ዛፍ ሣልን።»

ሕብረት በጣቷ ቆጠረች። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። በየቅዳሜው በሆዷ ስትረግመው የከረመችው የማንጎ ዛፍ የበቀለው በእሷ ደጅ ነው። እሷ እነሱን ስትጠብቅ እነሱ እሷን ይጠብቁ ነበር።

«ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«በየትኛው አፌ?» አለ ዲሳሳ። «እዩኤልን ጠየቅኩት፤ ሄደ። አንቺን መቼ ልበልሽና አንቺም ብድግ ብለሽ ብትወጪስ? ጌሙስ ይቅር። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ምን እሆናለሁ? ቅዳሜ ዝውውር ወጥቶልኛል ስትዪኝ እንኳ፣ እግሬ ሥር የነበረው መሬት ጠፍቶብኝ፣ ደብረ ብርሃን መቼ ነው የምትሄጂው ማለት አልቻልኩም። አፌ ለመደ። ሰውን ሳትጠይቂው ስትኖሪ መጠየቅ ይረሳሻል።»

ሕብረት ወደ ባዶው ሣጥን ዞረች። እሷም የምትናገረው ነገር ነበራት፤ ለራሷም ተናግራው አታውቅም።

«ጽፌው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«የእሷን ንግግር። ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። እጽፍና አጠፋዋለሁ። ገና ናቸው፣ አልደረሱበትም እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ግን እሱ አይደለም።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እሷ ከተናገረች ጌሙ ያልቃል። ጌሙ ካለቀ እኔ እዚህ ምን ብዬ እመጣለሁ? አንተ እንደሆንክ አንድ ቀን ነይ ብለኸኝ አታውቅም። ስትችዪ ነው የምትለኝ። እኔ ሁልጊዜ እችል ነበር፣ ዲሳሳ።»

ዲሳሳ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ አንቺን ላገባ ብዬ ልጨርሰው ስለፋ፣ አንቺ እንዳንለያይ ብለሽ ታቆዪዋለሽ» አለ። «እኔም እንዳንለያይ ብዬ አልጠይቅሽም።»

«ወላሂ፣ ሁለታችሁም ሞኝ ነው» አለ ሐምዳን ተነሥቶ። «እኔ ወደ ሱቅ ልሂድ። ስልክ የሚያሠራ ሰው ቢመጣ አየዋለሁ።» ስልክ ጠግኖ አያውቅም። መጋረጃውን ከኋላው በደንብ ዘጋው።

ሕብረት ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች። ቃሉ ዛሬ አላስቸገራትም። ስትጽፍና ስታጠፋ የከረመችው ረጅም ረጅም ንግግር አንዱም ትዝ አላላትም። አጭር ነገር ጻፈች። አንድ ጊዜ አነበበችው። ዲሳሳ በትከሻዋ በኩል ሊያነብ ጎንበስ ሲል፣ ጣቷን ጽሑፉን ወደሚያስቀምጠው ቁልፍ ስትልክ፣ መብራት ሄደ።

ስክሪኑ ጠቆረ። የኮምፒውተሩ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ጌሙ ሲያልቅ ይገዛል ተብሎ ነበር።

«አስቀመጥሽው?» አለ ዲሳሳ።

«አላስቀመጥኩትም።»

ሁለቱም በድንግዝግዙ ተያዩ። ሕብረት መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። ስድስት ዓመት፣ ከዚያ አራት ወር፣ ከዚያ አንድ መስመር፣ እሱም ጠፋ። በዚህ ቤት አንድ ነገር እንዳያልቅ የተማማለ ያለ መሰላት። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ የሐምዳን እርሳሶች ተንከባለሉ።

«ምን ነበር ያለችው?» አለ ዲሳሳ በቀስታ።

«ተወው። መብራት ሲመጣ እጽፈዋለሁ።»

«አይሆንም» አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ አይሆንም ሲላት የመጀመሪያው ነው። «አሁን ንገሪኝ።»

ሕብረት ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን አልሰበረም።

«"ምን ያስቆምሃል? ውረድና ታንኳህን እሰራት" ነው ያለችው።»

ዲሳሳ ወንበሩን ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ፤ እጇን ያዛት። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ እጇን ይዟት አያውቅም ነበር። መዳፉ የጠጋኝ መዳፍ ነው፤ ሸካራና ጥንቁቅ። ሕብረት እጇን አላነሣችም።

በሌላው እጇ ስልኳን አወጣች፤ ቆርቆሮው ስለሚንጫጫ ድምፁን ከፍ አድርጋ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ ጥር ላይ ለጠየቅከው ጥያቄ መልሱን ልነግርህ ነው። ዲሳሳ ጨርሷል።»

«ጨረሰ? ታዲያ ምን አስቀረው?»

«እኔ። ያልጨረስኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ቀረሽ?»

«አንድ መስመር።»

«ለአንድ መስመር ነው ሰው ይሄን ሁሉ ወር የምታቆሚው?» ሥራ ላይ እንዳሉ ዓይነት ተቆጡ፤ ከዚያ ድምፃቸው ረገብ አለ። «ዝውውሩስ?»

«ነገ አልፈልግም እላቸዋለሁ።»

«ሩቅ ነው አገሩ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ሩቅ ነው።»

«ልጁ አጠገብሽ አለ? ስጪው።»

ዲሳሳ ሰውየው ያዩት ይመስል ተነሥቶ ቆመ፤ የሕብረትን እጅ ግን አልለቀቀም። «ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሽ በቃሉ።»

«ስለ አባትህና ስለ ታናናሾችህ ሳልጠይቅህ ቀርቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?»

ቃሉ ክፍሏ ውስጥ ወደቀ። ሕብረት የያዛት እጅ ሲጠነክር ተሰማት። ስድስት ዓመት ሙሉ ለምንም ነገር ቀን ቆርጦ የማያውቅ ሰው ነው፤ ስትችል፣ ሲመችሽ፣ አንድ ቀን ሲል የኖረ ሰው ነው። ተነሥቶ ይወጣ ይሆን ብላ ፈራች።

«በመስቀል ማግስት» አለ ዲሳሳ።

«ጨዋታው ባያልቅስ?»

«ባያልቅም እልካለሁ፣ ጋሼ። ቤቱም ገና መስኮት ላይ ነው። ያለኝን ይዤ ነው የምመጣው።»

«እንግዲያው እንጠብቅሃለን» አሉ አቶ በቃሉ። «ቀኑን እንዳትለውጠው።»

ስልኩ ተዘጋ። ዲሳሳ በቀስታ ተቀመጠ። መብራቱ እንደጠፋ ነው። ስክሪኑም እንደጠቆረ ነው። ማዶ የቆመችው ሴት እንደገና ቃል አልባ ሆናለች፤ ሕብረት እንደገና ልትጽፍላት ነው። መጋረጃው ተገለጠና ሐምዳን ራሱን ብቻ አስገባ።

«መብራቱ መቼ ይመጣል?» አለ፤ ካለ በኋላ አፉን በእጁ ያዘ።

ማንም አልተቆጣውም፤ ማንም ተነሥቶ አልወጣም። ሕብረት «አላውቅም» አለችው፤ ድምፅዋ ገና እንባ እንባ ይላል። ከዚያ ወንበሯን ወደ ዲሳሳ አስጠጋች፤ መብራቱ እስኪመጣ ጠበቀች።